የአንጎል ትስስር መረጃን ማነጻጸር፦ ከስሌቱ በፊት ሊወሰኑ የሚገባቸው ጉዳዮች

መግቢያ

በአገራችን ገጠር የሚጥል በሽታን ስፋት ካሳዩ ጥናቶች መካከል በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና በባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት ትልቅ ቦታ ይሰጠዋል። በዚህ ጥናት 60,820 ነዋሪዎችን ያቀፈ የቤት ለቤት ፍለጋ ተደርጎ 316 ታማሚዎች ተለይተዋል። ይህም ከ1,000 ሰዎች 5.2 ማለት ነው። ከታማሚዎቹ መካከል ለበሽታው የታወቀውን ዘመናዊ መድኃኒት ይወስዱ የነበሩት ከ100 ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። ጥናቱ ከክሊኒክ ምልክቶች በተጨማሪ የአንጎል ኤሌክትሪክ ሞገድ ምርመራን፣ ማለትም ኢ.ኢ.ጂ.ን፣ ያካተተ ነበር።

ይህንኑ መጠን ለማሰላሰያ ያህል ወደ አዊ ዞን ብንወስደው፣ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 982,942 ነዋሪዎች በተመዘገቡበት በዚህ ዞን ከ5,000 በላይ ታማሚዎች ሊኖሩ ይችሉ እንደነበር እንገምታለን። ግምቱ የዞኑን ልክ አያሳይም፤ ይሁን እንጂ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ የሚሠራ የጤና ባለሙያ በሽታውን በተደጋጋሚ እንደሚያገኘው ለመገመት ይበቃል።

ባለፉት ሦስት አሥርት ዓመታት የአንጎል ጥናት ትኩረቱን ከተናጠል ክፍሎች ወደ ክፍሎቹ ትስስር እያዞረ መጥቷል። የሚጥል በሽታን፣ የመርሳት በሽታንና የአእምሮ ሕመሞችን ከትስስር መዛባት ጋር የሚያያይዙ ጽሑፎች በየጊዜው ይወጣሉ። ከእነዚህ መካከል የትኞቹ እንደሚታመኑ መለየት የሚቻለው ንጽጽሩ እንዴት እንደተዋቀረ ሲታወቅ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ማስረዳት ነው። ዋናው መልእክት የሚከተለው ነው፦ የንጽጽሩ ዕጣ ፈንታ በአብዛኛው የሚወሰነው መረጃው ወደ ኮምፒዩተር ከመግባቱ በፊት ሲሆን፣ በዚያ ደረጃ የሚያስፈልገውን ዕውቀት የያዘው ደግሞ ታማሚውንና አካባቢውን የሚያውቀው የጤና ባለሙያ ነው። ነገሩን ግልጽ ለማድረግ በአዊ ዞን ሊካሄድ የሚችል የኢ.ኢ.ጂ. ጥናት በምሳሌነት እንጠቀማለን። ምሳሌው ለማስረጃ ብቻ የታሰበ ነው።

የትስስር መረጃ ምን ዓይነት ነው?

የሁለት የአንጎል ክፍሎች ምልክት በጊዜ ሂደት አብሮ ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ በመካከላቸው የአሠራር ትስስር አለ ይባላል። ቢስዋልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 በኤም.አር.አይ. እንዳሳዩት፣ ሰው ምንም ሳይሠራ ጋደም ባለበት ጊዜ እንኳ እንቅስቃሴን የሚያዙት የግራና የቀኝ ክፍሎች ምልክት አብሮ ይዋዥቃል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የሚለካው ተዛምዶ መሆኑ ነው። ሁለቱን ክፍሎች በቀጥታ የሚያገናኝ የነርቭ መስመር ስለመኖሩ ተዛምዶ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

በኢ.ኢ.ጂ. በዓለም አቀፉ የ10–20 ሥርዓት መሠረት 19 ኤሌክትሮዶች በራስ ቆዳ ላይ ቢቀመጡ፣ እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር ሲጣመር 171 ጥንዶች ይገኛሉ። ስለዚህ ከአንድ ሰው የሚገኘው መረጃ እንደ ደም ግፊት አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ሳይሆን 171 ቁጥሮች የያዘ ሠንጠረዥ ነው። በኤም.አር.አይ. አንጎል በ90 ክፍሎች ቢከፈል ጥንዶቹ 4,005 ይደርሳሉ። የትስስር ንጽጽር ከተለመደው የሁለት አማካዮች ንጽጽር የሚከብደውም በዚህ ምክንያት ነው።

በኢ.ኢ.ጂ. ላይ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከአንድ ምንጭ የሚነሣ የኤሌክትሪክ ሞገድ በአንጎል ፈሳሽ፣ በራስ ቅልና በቆዳ በኩል ተሠራጭቶ ጎረቤት ኤሌክትሮዶችን በአንድ ጊዜ ይደርሳቸዋል። በዚህ ጊዜ ሁለቱ ኤሌክትሮዶች ያለ አንዳች እውነተኛ ትስስር የተሳሰሩ መስለው ይታያሉ። ይህን ለመቀነስ በሁለቱ ሞገዶች መካከል የጊዜ መዘግየት ያለበትን ተዛምዶ ብቻ የሚቆጥሩ መለኪያዎች እ.ኤ.አ. በ2004 በኖልቴ፣ በ2007 ደግሞ በስታም ከየባልደረቦቻቸው ጋር ቀርበዋል። የትኛው መለኪያ ጥቅም ላይ እንደሚውል አስቀድሞ መወሰን አለበት።

ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ

«የታማሚዎች አንጎል ከጤናማ ሰዎች ይለያልን?» የሚለው ጥያቄ ለስሌት የሚበቃ አይደለም። የሚከተለው ግን ይበቃል፦ «ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 45 ዓመት የሆነ፣ በሽታቸው አዲስ የታወቀና መድኃኒት ያልጀመሩ ሰዎች፣ ነቅተውና ዓይናቸውን ጨፍነው ሳለ፣ በአልፋ ሞገድ ክልል በፊተኛውና በኋለኛው የአንጎል ክፍል መካከል ያላቸው አማካይ ትስስር በዕድሜና በፆታ ከሚመሳሰሏቸው ጤናማ ጎረቤቶቻቸው ይለያልን?» በዚህ ጥያቄ ውስጥ ቡድኖቹ፣ ሁኔታው፣ የሞገዱ ክልልና የሚለካው ትስስር ተወስነዋል። መረጃው ከታየ በኋላ ጥያቄውን መለወጥ ቀስት በወደቀበት ቦታ ዒላማ እንደ መሳል ነው።

ይህ ሥጋት በተግባር የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ሥራ 70 የተመራማሪ ቡድኖች አንድ ዓይነት የኤም.አር.አይ. መረጃ ተሰጥቷቸው ዘጠኝ መላምቶችን እንዲፈትኑ ተጠይቀው ነበር። ሁለት ቡድኖች እንኳ አንድ ዓይነት የአሠራር ቅደም ተከተል አልተከተሉም፤ በበርካታ መላምቶችም ላይ የተለያየ መደምደሚያ ላይ ደርሰዋል። የአሠራር ዕቅድ አስቀድሞ ተጽፎ ቀን ተጽፎበት የሚቀመጠው እንዲህ ያለውን ልቅነት ለመገደብ ነው።

ማን ከማን ጋር ይነጻጸር?

አዊ ዞን ከደጋ እስከ ቆላ የተዘረጋ ነው። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ፣ ዳንግላ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኙ ሲሆን፣ ጃዊ ወረዳ ግን ወባ የሚበዛበት ቆላ ነው። ታማሚዎቹ ከጃዊ ተልከው የመጡ፣ ማነጻጸሪያዎቹ ደግሞ በእንጅባራ ሆስፒታል የሚሠሩ ሰዎች ቢሆኑ ምን እንደሚፈጠር እናስብ። በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት ቢገኝ ምንጩ የሚጥል በሽታው፣ በልጅነት የደረሰ የአንጎል ወባ፣ የአመጋገብ ሁኔታ፣ የትምህርት ደረጃ ወይም የኑሮ ልዩነት ሊሆን ይችላል። እነዚህን ከበሽታው ጋር ተጣብቀው ውጤቱን የሚያዛቡ ነገሮች አምታች ሁኔታዎች እንላቸዋለን።

መፍትሔው ማነጻጸሪያዎችን ታማሚው ከመጣበት ቀበሌ፣ ከተቻለም ከጎረቤት መምረጥ ነው። ወንድም ወይም እኅት ሲመረጥ አስተዳደግና አመጋገብ ይመሳሰላሉ፤ ሆኖም የዘር ተጋላጭነትም ስለሚጋሩ እውነተኛው ልዩነት ሊደበዝዝ ይችላል። ሁለቱም ምርጫዎች ተቀባይነት አላቸው። ወንድም ወይም እኅት የተመረጠ እንደሆነ ግን ስሌቱ ጥንድ በጥንድ መሆን አለበት።

ቦታና መሣሪያም እንዲሁ ይታያሉ። ታማሚዎች ሁሉ በእንጅባራ፣ ጤናማዎቹ ሁሉ በዳንግላ ቢመረመሩ የመሣሪያው ልዩነት ከበሽታው ልዩነት ጋር አንድ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱን የሚለይ ምንም ዓይነት ስሌት የለም። በየቦታው ከሁለቱም ቡድኖች ተመጣጣኝ ቁጥር ያላቸው ሰዎች የተመረመሩ እንደሆነ ግን የቦታውን ልዩነት በስሌት ማውጣት ይቻላል።

የምርመራው ዕለት ሁኔታዎች

መድኃኒት፦ ፌኖባርቢታል በኢ.ኢ.ጂ. ላይ ፈጣን ሞገዶችን እንደሚያበዛ የታወቀ ነው። ታማሚዎች ሁሉ ሲወስዱትና ጤናማዎቹ ሳይወስዱት የሚገኝ ልዩነት የበሽታው ይሁን የመድኃኒቱ አይታወቅም። የሚሻለው መንገድ አዲስ ታማሚዎችን የመጀመሪያው ክኒን ከመሰጠቱ በፊት በዚያው ዕለት መመርመር ነው። ለጥናት ሲባል ሕክምናን ማዘግየት ግን አይፈቀድም፤ የሚቀጥለው መናድ ታማሚውን እሳት ወይም ውኃ ውስጥ ሊጥለው ይችላልና።

እንቅልፍ፦ ከሩቅ ቀበሌ ሌሊት ተነሥቶ በእግርና በመኪና የመጣ ታማሚ በምርመራው አልጋ ላይ ያንቀላፋል። በቅርብ የሚኖረው ማነጻጸሪያ ግን ንቁ ነው። እንቅልፍ የአንጎልን ትስስር በእጅጉ ስለሚለውጥ ሁለቱም ተመሳሳይ ዕረፍት ማግኘታቸው፣ የምርመራው ሰዓት መመዝገቡ፣ ያንቀላፉበት ክፍልም ከስሌቱ መውጣቱ አስፈላጊ ነው።

ጾም፦ የደም ስኳር ማነስ የአንጎል ሞገድን ያዘገያል። በጾም ወቅት እስከ ቀትር በኋላ ያልቀመሰን ሰው ቁርስ ከበላ ሰው ጋር ማነጻጸር አይገባም። የመጨረሻው ምግብ የተበላበት ሰዓት በቅጹ ላይ ይመዝገብ።

ጠጉር፦ የተሠራ ሹሩባና ቅቤ የኤሌክትሮዱን ንክኪ ያዳክማሉ፤ ቅጂውም በጩኸት ይሞላል። ስለዚህ ቀጠሮ ሲሰጥ ጠጉርን በሳሙና ታጥቦ መምጣት እንደሚያስፈልግ በትሕትና ማስረዳት፣ ኤሌክትሮዱ የሚያርፍበትን ቆዳም ማጽዳት ይገባል። ይህ ካልተደረገ በሴቶችና በወንዶች መካከል የሐሰት ልዩነት ሊፈጠር ይችላል።

ቋንቋ፦ ዓይንን መጨፈን ብቻውን የአልፋን ሞገድ ያጎላል። «ዓይንዎን ጨፍነው፣ ሳይተኙ ይቆዩ» የሚለው ትእዛዝ አዊኛ ብቻ ለሚናገር ሰው በአዊኛ ካልተነገረው የሚለካው የትእዛዙን አለመረዳት ይሆናል።

በኤም.አር.አይ. ጥናት ደግሞ ትልቁ አምታች የራስ መንቀሳቀስ ነው። ፓወርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳሳዩት ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ እንቅስቃሴ የቅርብ ክፍሎችን ትስስር ያጎላል፤ የሩቆቹን ያዳክማል። ሕፃናትና ታማሚዎች ከሌሎች ይልቅ ስለሚንቀሳቀሱ የእንቅስቃሴው ልዩነት የበሽታ ምልክት መስሎ ሊታይ ይችላል።

የስሌቱን ሠንጠረዥ ማዘጋጀት

ለስሌት የሚቀርበው ሠንጠረዥ ቀላል ሕግ አለው፦ ለአንድ ሰው አንድ ረድፍ። የመጀመሪያው ዓምድ ቡድኑን ያመለክታል፤ ለታማሚ 1፣ ለጤናማ 0 ይጻፋል። ቀጣዮቹ ዓምዶች ዕድሜን፣ ፆታን፣ የምርመራ ቦታንና የምርመራ ሰዓትን ይይዛሉ። እነዚህ ተጓዳኝ መለኪያዎች ይባላሉ። ስሌቱ በየጥንዱ የሚመልሰው ጥያቄ «ዕድሜ፣ ፆታ፣ ቦታና ሰዓት ተመሳሳይ ቢሆኑ ኖሮ በቡድኖቹ መካከል የሚቀረው ልዩነት ምን ያህል ነው?» የሚለውን ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ስሕተቶች ይዘወተራሉ። አንደኛው የቅጂን ቁራጮች እንደ ሰው መቁጠር ነው። ከ20 ታማሚዎች እያንዳንዳቸው 60 ቁራጮች ቢወሰዱ 1,200 ቁራጮች ይገኛሉ፤ ታማሚዎቹ ግን 20 ናቸው። ቁራጮቹ ለየሰው በአማካይ ተጠቃለው መግባት አለባቸው። ሁለተኛው የቅጂ ርዝመት መለያየት ነው። ብዙዎቹ የትስስር መለኪያዎች ጥቂት ቁራጭ ባለበት ከእውነተኛው ከፍ ያለ ዋጋ ስለሚሰጡ፣ ከእያንዳንዱ ሰው እኩል ብዛት ያላቸው ንጹሕ ቁራጮች ሊወሰዱ ይገባል። ሦስተኛው ተዛምዶን ሳይለውጡ መደመር ነው። ተዛምዶ ከ−1 እስከ 1 ተወስኖ ስለሚገኝ ወደ ዳርቻው ሲጠጋ ስርጭቱ ይዛባል። በመሆኑም ከመነጻጸሩ በፊት በፊሸር ዘዴ ይለወጣል፤ ለምሳሌ 0.5 ወደ 0.55፣ 0.9 ደግሞ ወደ 1.47 ይቀየራል።

የንጽጽር ብዛት የሚያስከትለው ስሕተት

በተለመደው የ0.05 ወሰን አንድ ጥንድ ብንፈትን ምንም ልዩነት ሳይኖር «ልዩነት አለ» የምንልበት ዕድል ከ100 አምስት ነው። በ171 ጥንዶች ላይ ይህንኑ ብናደርግ፣ በሽታው በትስስር ላይ አንዳች ለውጥ ባያመጣ እንኳ ወደ 9 የሚጠጉ ጥንዶች በአጋጣሚ ብቻ «ጉልህ» ሆነው ይወጣሉ። በአምስት የሞገድ ክልሎች ሲደገም 43 ያህል ይደርሳሉ። እነዚህን በቀይ መስመር በአንጎል ሥዕል ላይ ቢያኖሯቸው ውብና አሳማኝ ሥዕል ይሠራሉ።

የዚህን አደጋ ልክ ለማሳየት ቤኔትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 የሞተ የሳልመን ዓሣ በኤም.አር.አይ. ውስጥ አስገብተው የሰዎችን ፎቶግራፍ «እያሳዩ» መረመሩት። ማስተካከያ ሳይደረግ ሲሰላ በሞተው ዓሣ አንጎል ውስጥ «ሥራ የሚሠሩ» ነጥቦች ተገኙ፤ ማስተካከያ ሲደረግ ሁሉም ጠፉ።

ማስተካከያዎቹ በርካታ ናቸው። የቦንፌሮኒ ዘዴ ወሰኑን ለፈተናዎቹ ብዛት ያካፍላል፤ ለ171 ጥንዶች 0.0003 ያህል ይሆናል። ዘዴው ጥብቅ በመሆኑ እውነተኛ ልዩነትንም ሊያሳልፍ ይችላል። ቤንጃሚኒና ሆችበርግ እ.ኤ.አ. በ1995 ያቀረቡት ዘዴ «ጉልህ» ከተባሉት መካከል ሐሰተኞቹ በአማካይ ከተወሰነ ድርሻ እንዳይበልጡ ይቆጣጠራል።

ሦስተኛው የዕጣ ዘዴ ነው። «ታማሚ» እና «ጤናማ» የሚሉት ስያሜዎች በዕጣ ተደባልቀው ስሌቱ ለምሳሌ 5,000 ጊዜ ይደገማል፤ በየጊዜው የተገኘው ትልቁ ልዩነት ይመዘገባል። እውነተኛው ውጤት ከእነዚህ 95 በመቶ የሚሆኑትን ከበለጠ በአጋጣሚ የተገኘ ነው ለማለት ያስቸግራል። ዕጣው ግን በቦታ ውስጥ መሆን አለበት፤ የእንጅባራው ከእንጅባራው፣ የዳንግላው ከዳንግላው ጋር ይደባለቃል። ዛሌስኪ፣ ፎርኒቶና ቡልሞር እ.ኤ.አ. በ2010 ይህን አሠራር ወደ መረብ አሳድገውታል። በእነርሱ ዘዴ የሚፈተነው እርስ በርሳቸው የተያያዙ ጥንዶች ስብስብ ነው። ስለዚህ ውጤቱ ስለ ስብስቡ እንጂ በውስጡ ስላለው ስለ አንድ ጥንድ ለብቻው አይናገርም።

ስንት ሰው ይበቃል?

በሁለት ቡድኖች መካከል የግማሽ መደበኛ ልይይት ልዩነት ቢኖርና ይህን ልዩነት የማግኘት ዕድላችን 80 በመቶ እንዲሆን ብንፈልግ፣ ለአንድ ፈተና ብቻ በየቡድኑ 64 ሰዎች ያስፈልጋሉ። ልዩነቱ 0.8 መደበኛ ልይይት ከሆነ 26 ይበቃሉ። የፈተናዎቹ ብዛት ሲጨምር ቁጥሩም ይጨምራል። በትንንሽ ጥናቶች ላይ የተመሠረተ መስክ ምን ያህል እንደሚሳሳት በተን (ባተን) እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲመረምሩ በነርቭ ሳይንስ ጥናቶች እውነተኛ ልዩነትን የማግኘት መካከለኛ ዕድል 21 በመቶ ገደማ ሆኖ አግኝተውታል። እ.ኤ.አ. በ2022 በማሬክና በባልደረቦቹ የታተመው ሥራም በጤናማ ሰዎች መካከል ያለን የጠባይና የችሎታ ልዩነት ከአንጎል መረጃ ጋር በአስተማማኝ ለማያያዝ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች እንደሚያስፈልጉ አሳይቷል።

ከዚህ ለዞን ደረጃ የሚገኘው ትምህርት ጥያቄን ማጥበብ ነው። 171 ጥንዶችን በ15 ሰዎች ከመፈተን አንድ አስቀድሞ የተመረጠ አማካይ ትስስርን በ64 ጥንድ ጎረቤቶች መፈተን የበለጠ ይጠቅማል።

ውጤቱን ማንበብ

ንጽጽሩ በሚገባ ተዋቅሮ ልዩነት ተገኘ እንበል። ይህ የቡድን ልዩነት ነው፤ አንድን ሰው ለመመርመር አያገለግልም። ስርጭቱ የተለመደው ደወል መሰል ቅርጽ ሲኖረው የግማሽ መደበኛ ልይይት ልዩነት ያላቸው ሁለት ቡድኖች 80 በመቶ ያህል ይደራረባሉ። ትስስራቸው ዝቅ ይላል ከተባሉት 100 ታማሚዎች መካከል 31 ያህሉ ከጤናማዎቹ አማካይ በላይ ሆነው ይገኛሉ።

የሚጥል በሽታ ዛሬም የሚታወቀው መናዱን ካየ ሰው በሚወሰድ ጥንቁቅ ታሪክ ነው። ኢ.ኢ.ጂ. ደጋፊ ነው፤ ደህና ሆኖ መገኘቱም በሽታው የለም አያሰኝም። ታማሚዎች በትዳር፣ በትምህርትና በማኅበራዊ ኑሮ መገለል በሚደርስባቸው ማኅበረሰብ ውስጥ «የአንጎሉ መረብ የተበጠሰ ነው» የሚል ያልተረጋገጠ ቃል ከጤና ተቋም ቢወጣ ጉዳቱ ከመናዱ ይበልጣል። ስሌትን በጥንቃቄ ማዋቀር የሙያ ሥነ ምግባር አካል የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ማጠቃለያ

የትስስር ጥናት ለሚያነብም ሆነ በጥናት ለሚሳተፍ የጤና ባለሙያ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ማንሣት ይጠቅማል።

1. ጥያቄውና የስሌቱ ዕቅድ መረጃው ከመታየቱ በፊት ተጽፈዋልን?
2. ማነጻጸሪያዎቹ ታማሚዎቹ ከመጡበት አካባቢና የኑሮ ደረጃ የተመረጡ ናቸውን?
3. መድኃኒት፣ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ቦታና መሣሪያ በሁለቱ ቡድኖች ተመጣጣኝ ነበሩን?
4. የተቆጠሩት ሰዎች ናቸው ወይስ የቅጂ ቁራጮች?
5. ስንት ፈተናዎች ተደረጉ? በምን ዘዴስ ተስተካከሉ?
6. የሰዎቹ ብዛት ለተነሣው ጥያቄ ይበቃልን?
7. መደምደሚያው ስለ ቡድን ነው ወይስ ስለ አንድ ታማሚ?

ከእነዚህ ሰባት ጥያቄዎች የስታቲስቲክስ ባለሙያ ብቻውን ሊመልስ የሚችለው ጥቂቱን ነው። ታማሚው ከየት እንደመጣ፣ ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ፣ ምን እንደዋጠና በምን ቋንቋ እንደተነገረው የሚያውቁት በካርድ ክፍልና በምርመራ ክፍል ያሉት ነርስ፣ ጤና መኮንንና ሐኪም ናቸው። እነርሱ በቅጹ ላይ ያልጻፉትን ኋላ ላይ ኮምፒዩተር አይሞላውም።